በእታለም ስም

«ዛሬም አንቺው ስጪልኝ። ግን ግራ ክንድሽን፤ አምና ደም ሥሩን ቶሎ ያገኘችው በግራው ነው።»

የኔአለም ይህን የሰማችው ጫማዋ የያዘውን ጭቃ ከበሩ ድንጋይ ላይ ስትጠርግ ነው። ድምፁ የእትዬ አሰገደች ነበር። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ስለሚናገሩ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ታፍኖ ወጣ። የሚናገሩት ለታናሽ እህታቸው ለእትዬ የብርጓል ነው። «ሳሙናውስ?» አሉ እትዬ የብርጓል። «ሳሙናውን ትወስጃለሽ፤ ሁለቱንም።» «ብስኩቱንም።» «ብስኩቱን አይሆንም።» ከዚያ ውሃ ሲንቦራጨቅ ተሰማ፤ ክንድ እየታጠበ ነው።

የኔአለም አንድ እግሯን ደፉ ላይ እንዳደረገች ቀረች። በአንድ እጇ የበረዶ ሳጥን፣ በሌላው የቅጽ ማኅደር ይዛለች። በማኅደሩ ውስጥ ለዚህ ቤት የተዘጋጀው ቅጽ አንድ ብቻ ነው፤ ስም አሰገደች፣ ዕድሜ ስልሳ አራት፣ መለያ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት። የብርጓል የምትባል ሴት በጥናቱ ውስጥ የለችም።

ጥናቱ በደብረ ማርቆስ ከተማ ከተጀመረ ስምንተኛ ዓመቱ ነው። ከተመረጡ ዘጠኝ መቶ ቤቶች አንድ አንድ አዋቂ ሰው በዕጣ ወጥቷል። ያ ሰው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይመዘናል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ምን እንደበላ፣ ማን እንደሞተበት፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ይጠየቃል፤ ከክንዱም ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ደም ይወሰዳል፤ ለምስጋና ሁለት ሳሙናና ብስኩት ይሰጠዋል። ከደሙ ገሚሱ እዚሁ ይመረመራል። ገሚሱ በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ አዲስ አበባ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይሄዳል፤ እዚያም ስሙ ቀርቶ በቁጥሩ ይቀመጣል። ስኳርን ወይም ልብን ወይም ኩላሊትን የሚያጠና ሰው፣ ከየትም ይሁን፣ ፈቃድ አግኝቶ ከዚያ ይወስዳል። የኔአለም ሥራውን የያዘችው አምና ነበር፤ በቤተ ሙከራ ሙያ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ። ደብረ ኤልያስ ላሉት አባቷ ሥራዋን ስታስረዳ «ደም ማከማቸት ነው» ብላቸው፣ «ለማን?» ሲሏት «ገና ላልተወለደ በሽተኛም ጭምር» አለቻቸው። አባቷ ጥቂት አስበው «እንግዲያው እንደ ዘር ጎተራ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሷም በልቧ ጎተራ ትለዋለች። ጤፍ ተብሎ ገብስ የገባበት ጎተራ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የገበሬ ልጅ ስለሆነች ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

«ግቢ እንጂ! ማን ያዘሽ?» አሉ እትዬ የብርጓል መጋረጃውን ገልጠው። እጅጌያቸው እስከ ብብታቸው ተጠቅልሏል፤ ከክንዳቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

ቤቱ ከአብማ ማርያም ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ለተማሪዎች ተከራይተዋል፤ እህትማማቾቹ በሦስተኛው ይኖራሉ። ኮርኒሱ የተወጠረ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ የፋብሪካው ጽሕፈት ተገልብጦ ይታያል። በግራና በቀኝ ሁለት አልጋዎች አሉ፤ ብርድ ልብሶቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ብቻ በጥንቃቄ ተነጥፏል። በአልጋዎቹ መካከል የበርበሬ ጣሳዎች፣ ሚዛን፣ በፌስታል የተቋጠረ ኮረሪማ ይታያል። እትዬ የብርጓል በርበሬ አዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ ክፍሉ ሁልጊዜ ለማስነጠስ ጥቂት የቀረው ሰው ያለበት ይመስላል። እትዬ አሰገደች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አላወለቁም፣ ነጠላቸው ከዓይናቸው በታች ያለውን ፊታቸውን ሁሉ ሸፍኖታል። የኔአለም ማየት ብቻ በቃት። ዛሬ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ማርያም ናት፤ ሴትየዋ ቆርበዋል። የቆረበ ሰው ያን ዕለት አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ከሰውነቱም ደም አያፈስስም። ይህን እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ትናንት ስትደውል ግን «ነገ ማርያም ናት፤ ቢሆንም ኑ» ሲሏት «ቢሆንም» ያሉት ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ቆርበዋል፣ እትዬ?» አለች።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አምናም ቆርበው ነበር?»

ከውጭ የጋሪ ደወል ተሰምቶ አለፈ። እትዬ የብርጓል እህታቸውን አዩ፤ እትዬ አሰገደች የበርበሬውን ሚዛን አዩ። የኔአለም አምናን ለማስታወስ ሞከረች። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ረፋዱ እያለቀ፣ ሰባተኛ ቤቷ ሆኖ፣ በረዶው እየቀለጠ። «እትዬ አሰገደች?» ብላ ስትገባ በር ላይ ክንዷን የዘረጋች ሴት «እዚሁ ነን፣ ግቢ» አለቻት። ጥግ ላይ አፏን ሸፍና የተቀመጠች ሌላ ሴትም ነበረች፤ የኔአለም ሰላም አለቻት እንጂ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። ዓይን አፋር ናት፤ መታወቂያ አምጪ ብሎ ትልቅ ሰው መጠየቅ እንደ ስድብ ይከብዳት ነበር። ደሙን ቀዳች፣ ቅጹ ላይ «ማንነት ተረጋግጧል» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉ እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ሳያነሱ። «መኪና አስነስታችሁ፣ ሳጥን ተሸክማችሁ ደጄ የቆማችሁትን እንግዶች ባዶ እጃችሁን ልሸኝ? ወተት ፈልጋችሁ ብትመጡና ላሜ ነጥፋ ብትሆን ከጎረቤት ተበድሬ እሰጥ የለ? ያውም ይህችኛዋ እህቴ ናት። አንድ ጡት የጠባን።»

«ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት» አሉ እትዬ የብርጓል ክንዳቸውን እንደ ጨርቅ እያራገፉ። «በይ ቶሎ በይ፤ ቁርስ እንኳ እንዳልበላ ተከልክዬ ነው።»

የኔአለም መልስ ከመስጠቷ በፊት የአራት መቶ አሥራ ሰባትን ደብዳቤ አስታወሰችው። አምና ውጤት ሲወጣ ስኳራቸው ከፍ ያለው ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ደብዳቤዎቹን አጥፋ ፖስታ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት። አሰገደች፣ በጾም ደም አንድ መቶ ሰባ አንድ፣ በአስቸኳይ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከፊቷ የቆሙት፣ እየሳቁ ክንዳቸውን የሚዘረጉላት ሴት ስኳር አለባቸው፤ አንድ ዓመት አልፏል።

እትዬ አሰገደች ፊቷን ሲያነቡት ቆይተው ኖሮ «የብርጓል፣ ለሹፌሩ ውሃ አድርሺለት፤ መኪናው ውስጥ ደርቋል» አሉ። እትዬ የብርጓል ጆጉን ይዘው፣ እጅጌያቸውን ሳይመልሱ ወጡ። እትዬ አሰገደች በርጩማቸውን ወደ የኔአለም ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ እንዳታስደነግጫት። ደብዳቤው በመጣ ዕለት አንብቤ ገብቶኛል። ደሙ የእኔ ካልሆነ በሽታውም የእኔ አይደለም። ግን ታረቀን አላወቅሽውም፤ ባሏ ነበር። በእግሩ ሄዶ ሐኪም ቤት ገባ፣ በአራት ሰው ትከሻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ከእኔ ጋር ለመኖር የመጣችው። ይኸው አምስት ዓመቷ፣ በሐኪም ቤት ደጅ አታልፍም፤ ገበያ ስትሄድ እንኳ በጀርባው ዞራ ነው። ብነግራት ከበሽታው በፊት ድንጋጤው ይገድላታል። ስለዚህ ደብዳቤውን ደብቄ እኔ ታመምኩ አልኳት።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሲዘረዝሩ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረ። መጀመሪያ ስኳር ከቤት ወጣ። ኪሎው መቶ ሠላሳ ብር ገብቷል፣ ምን ያደርጋል ተባለ። በሻይ ፋንታ የዝንጅብል ውሃ መጣ። ሐኪም ታማሚው ብቻውን አይሂድ ብሏል ብለው ጠዋት ጠዋት እህታቸውን እያስከተሉ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ ጀመሩ፤ አብማ ማርያም ደጃቸው ላይ እያለች። ነጭ ዳቦ ቀረ፣ ማር ለእንግዳ ብቻ ተባለ። ደብዳቤውን ይዘው ጤና ጣቢያም ሄደው ነበር። ጣታቸውን ወጓቸው፤ ዘጠና አራት። ደግመው ወጓቸው፤ ዘጠና አንድ። «ነርሷ ‹እትዬ፣ በጥንቃቄዎ አውርደውታል፣ ይበርቱ› አለችኝ። ምን ልበላት? እሺ አልኩ።»

«ታዲያ ዛሬ ደግሞ የእሳቸውን ደም…»

«ልፋቴ ሠርቶ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነዋ!»

የኔአለም ሳቋም እንባዋም ባንድ ላይ መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። በሥልጠናው ጊዜ ስለ ስምምነት፣ ስለ ምስጢር፣ ስለ ናሙና አያያዝ ሦስት ቀን ተምራለች። የእህቷን በሽታ በራሷ ስም ወስዳ ዓመቱን ሙሉ በጎን ስላስታመመች ሴት ግን የነገራት አልነበረም። «እትዬ፣ ይህን ደብቄ መያዝ አልችልም» አለች በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማን ደብቂ አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

ስልክ ለመደወል ወጣች። መኪናው አጥሩ ሥር፣ የደረቀ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከተከመረበት አጠገብ ቆሟል። ሹፌሩ ጌቱ የውሃውን ብርጭቆ ለእትዬ የብርጓል መልሶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሸኛቸውና፣ ከጓሮ በኩል ሲገቡ ጠብቆ ወደ የኔአለም ዞረ። «እኒህን ሴትዮ አውቃቸዋለሁ እኮ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሺዋስ ሻይ ቤት አይጠፉም። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ሦስት ማንኪያ ይጨምራሉ። የሺዋስ ‹ሻዩን በስኳር ሳይሆን ስኳሩን በሻይ ነው የሚጠጡት› ይላል።»

«በየቀኑ?»

«ከረቡዕና ከዓርብ በቀር። ይጾማሉ መሰለኝ።» ጌቱ የኔአለምን አየት አደረጋት። «ምነው ፊትሽ? ደም አጣሽ እንዴ፣ በሳጥን እየዞርሽ?»

ያ ቀልድ በሌላ ቀን ያስቃት ነበር። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው የጥናቱ አስተባባሪ አቶ መሳፍንት አነሱ። የሆነውን ሁሉ ሳትቆርጥ ነገረቻቸው፤ ከቆመች ትፈራለችና። የራሷን ፊርማ መጨረሻ ላይ ነገረቻቸው። በወዲያኛው ጫፍ ብዕር ሲንኳኳ ተሰማት።

«መታወቂያ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«ፈርመሻል።»

«ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው ያልሆነው እንደሆነ ተደርጎ ተመዝግቧል። እንደሆነው አድርገሽ ትጽፊዋለሽ፤ በራስሽ እጅ፣ ሳታሳምሪ» አሉ አቶ መሳፍንት። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ቃላቸው የሚከብደው ለዚህ ነው። «ከአራቱ ብልቃጥ አንዱን የስኳር ተመራማሪዎች ወስደውታል። ዛሬውኑ አሳውቃቸዋለሁ፤ ከሥሌታቸው ያወጡታል። የቀረው ይቆለፍበታል። ስለ አንቺ ደግሞ ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን፤ ያገኘሽውም የነገርሽኝም አንቺ መሆንሽን አልረሳም። አሁን ግን ብልቃጡን ተይው። ለሴትየዋ ይነገራቸው፤ ዛሬ ይለኩ፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እህትየዋ አዝነው ነው፣ ገብቶኛል፤ ግን ዜናው የባለ ደሙ ነው።»

ስትመለስ ሁለቱ እህትማማቾች በየአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እትዬ የብርጓል ስለ እንቁላል ዋጋ እያወሩ ነበር፤ አንዱ ሃያ ብር፤ ዶሮዋ ብትማር ኖሮ ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ይበልጥ ታገኝ ነበር እያሉ። እትዬ አሰገደች አይሰሙም፤ ዓይናቸው የኔአለም ላይ ነው፤ ይለምናል። የኔአለም ከበሩ እስከ በርጩማው ባለው አራት እርምጃ ውስጥ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ተንበርክካ ከእትዬ የብርጓል ፊት ተቀመጠች።

«እትዬ የብርጓል፣ አምና በሰጡት ደም ውስጥ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ደብዳቤው የመጣው በእትዬ አሰገደች ስም ነው። ደሙ ግን የእርስዎ ነው።»

እትዬ የብርጓል መጀመሪያ የጠቀለሉትን እጅጌ ቀስ ብለው መለሱት። ቁልፉን ቆለፉ። ፊታቸው ላይ የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ የሚያስቡ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ።

«እንግዲያው ያ ሁሉ የዝንጅብል ውሃ?»

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«ዓመቱን ሙሉ! ‹እኔ ታምሜ አንቺ ስኳር ስትልሺ ልይ?› እያልሽ! አዝኜልሽ! ማታ ማታ ‹እመቤቴ ማርያም፣ እታለምን ማሪልኝ› እያልኩ ስሰግድ! አንቺ ፊት ጣፋጭ መቅመስ ነውር ነው ብዬ እንደ ሌባ ተደብቄ የሺዋስ ቤት ስጠጣ!»

«የሺዋስ ቤት?» ነጠላው ከእትዬ አሰገደች አፍ ላይ ወረደ። «ስንት?»

«ምኑ ስንት?»

«ማንኪያው!»

እትዬ የብርጓል ግድግዳውን አዩ። «ሦስት። አንዳንዴ… ሲቀዘቅዝ አራት።»

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን መልሰው እስከ ግንባራቸው አለበሱት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የኔአለም እያለቀሱ መሰላት፤ ብድግ ልትል ስትል ከነጠላው ሥር የወጣው ሳቅ ነበር። ከቆረቡ በኋላ መሳቅ ይገባ እንደሆነ ራሳቸውም የተጠራጠሩበት፣ ሊያፍኑት ሲሞክሩ በአፍንጫ የሚያመልጥ ሳቅ። «አሥራ ሁለት ወር!» አሉ በመካከሉ። «ጫማ ጨረስኩ! ማርቆስ ድረስ!» እትዬ የብርጓል ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ግን እሳቸውም ተሸነፉ። ለጥቂት ጊዜ ሁለት አሮጊቶች በየአልጋቸው ሆነው እንደ ሴት ተማሪዎች ሳቁ። የኔአለም በመካከላቸው ተንበርክካ እጆቿን የት እንደምታደርግ አጣች።

ሳቁ አለቀ። «ታረቀም እንዲህ ነው የጀመረው» አሉ እትዬ የብርጓል፣ ለማንም ሳይሆን። የኔአለም የስኳር መለኪያውን አወጣች፤ ትንሽ ነው፣ በመዳፍ ይያዛል። ጣታቸውን ስትጠይቅ እትዬ የብርጓል ዘረጉላት። ቁጥሩ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ሆነ። ሻይ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቀች፤ «ጠዋት፣ ትንሽ» አሉ። ያም ሆኖ ከፍ ያለ ነው አለቻቸው፤ ያም ሆኖ ደግሞ በጊዜ ከተያዘ በክኒን፣ በምግብና በእግር ጉዞ የሚታዘዝ በሽታ ነው። አቶ ታረቀ ሐኪም ቤት የገቡት ስንት ዓመት ታመው ከቆዩ በኋላ እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ የብርጓል በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሰባት ዓመት፣ እግሩ እስኪቆስል፣ ሐኪም አላይም ብሎ። ቆጥረው ሲጨርሱ ጣታቸውን ተጨብጦ እንዳለ ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ ረጅም ጊዜ አልፈቱትም።

«የአምናው ደሜስ?» አሉ በድንገት። «ምን አደረጋችሁት?»

የኔአለም ነገረቻቸው። በሌላ ሰው ቁጥር የገባ ስለሆነ ይቆለፍበታል፤ ከዚያ ምናልባት ይወገዳል።

«ይደፋል ማለትሽ ነው?»

«ምናልባት።»

«እንዴት ተደርጎ!» እትዬ የብርጓል ተነሥተው ቆሙ፤ ስለ በሽታው ሲሰሙ ያልታየ ቁጣ አሁን ፊታቸው ላይ መጣ። «እኔ ሰጥቻለሁ። ይህችን ልጅ ወድጄ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ለሰው ይጠቅማል ተብዬ ሰጥቻለሁ። የሰጠሁትን ማን ነው የሚደፋብኝ? ታረቀን የገደለውን በሽታ የሚያጠና ሰው ደሜን ይፈልግ የለ? ወይስ የእሷ ብቻ ነው ደም?»

የኔአለም ይህን አልጠበቀችም። ተነሥታ ከደጃፉ እንደገና ደወለች፤ አቶ መሳፍንት እስከ መጨረሻው ሰሟትና፣ ሴትየዋ አሁን ራሳቸው አውቀው ከፈቀዱ ብልቃጦቹ በራሳቸው አዲስ ቁጥር እንዲቀመጡ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን መጠየቅ ይቻላል አሉ። ቃል አልገቡም። እሷም ለእትዬ የብርጓል ቃል አልገባችም። የስምምነት ቅጹን አወጣችና አራቱን ገጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። አምና ይህን ቅጽ ማንም አላነበበላቸውም፤ ለአሰገደች ከዓመታት በፊት ተነቧል ተብሎ ታልፎ ነበር። እትዬ የብርጓል ጎንበስ ብለው አዳመጡ፤ እንደ ስብከት ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ ውል፣ አንድ ቃል እንዳያመልጣቸው። ከሞትኩም በኋላ ይቆያል? ይቆያል፣ ካላስከለከሉ። ማስከልከል እችላለሁ? በፈለጉት ቀን። ውጭ አገር ይሄዳል? ሊሄድ ይችላል። «ይሂድ፤ እኔ ደጀንን እንኳ አላለፍኩም» አሉ። ስሜን ያያሉ? አያዩም፤ ቁጥር ብቻ። ይህ በጣም ደስ አላቸው። ስማቸውን በትልልቅ ፊደል፣ እስክሪብቶውን ተጭነው ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ከራቅ አድርገው አዩት።

«አሁን እንሂድ» አለች የኔአለም። «መኪናው አለ።»

እትዬ የብርጓል የበርበሬውን ጣሳ ክዳን ከፈቱ፣ ገጠሙ። ነገ ቢሆንስ አሉ። ጾም ሲገባስ አሉ። እትዬ አሰገደች ተነሥተው የእህታቸውን ነጠላ ከመስቀያው አወረዱ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። «የቆረበ ሰው መንገድ አይወጣም እኮ» አሉ እትዬ የብርጓል በተስፋ። «ጤና ጣቢያ መንገድ አይባልም» አሉ ታላቅየዋ። ለራሳቸው ደም ቅዳሜ ጠዋት ተቀጠረ።

ጌቱ ሁለቱን ከኋላ አስቀምጦ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ በዝግታ ነዳ። የኔአለም በመስተዋቱ ውስጥ ታያቸው ነበር። የእትዬ አሰገደች እጅ በእህታቸው ጉልበት ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጧል። ጤና ጣቢያው በር ላይ እትዬ የብርጓል ለመውረድ ጊዜ ወሰደባቸው። እግራቸውን አወረዱ፣ መለሱ፣ ዘበኛውን አዩ፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን አንሶላ አዩ። ማንም አላጣደፋቸውም። ጌቱ ሞተሩን አጥፍቶ ሬዲዮ ከፈተ። ከዚያ ወረዱ፤ ማንንም ሳይይዙ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በሩን አልፈው እስከ ካርድ ክፍሉ አግዳሚ ሄዱ።

ወረፋው አሥራ አንድ ሰው ነበር። የኔአለም ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ማኅደሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተሰረዘ። አራተኛው እንዲህ ይላል፤ «ማንነት ተረጋግጧል በሚለው ቦታ ላይ ምልክት ያደረግሁት ሳልጠይቅ ነው።» ይህን ከጻፈች በኋላ የቀረው ቀለለ። ሰኞ ምን እንደሚሏት አታውቅም፤ ጽሕፈቷ ግን ያምር ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ካርድ የምትጽፈዋ ልጅ ቀና ሳትል፣ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገች «ስም?» አለች።

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ። አፋቸው ሲከፈት እትዬ የብርጓል በክንዳቸው ገፋ አደረጓቸውና ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ተይ እታለም፤ እኔው ልንገራት። የብርጓል።»

«የአባት ስም?»

«አወቀ።»

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ከዚህ በፊት ካርድ አለዎት?»

«የለኝም» አሉ እትዬ የብርጓል። «ገና ዛሬ መምጣቴ ነው።»